ዋስ ጥራ

የዚህ ቻናል ሰዎች፣ ማመን የፈለገ ይመን፤ ያልፈለገ ይሳቅ። በእኔ ሲሳቅ የመጀመሪያው አይደለም።

ግን ሆኗል። ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሞላሌ ከተማ፣ ጎማ በምለጥፍባት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ።

ውጭው ጉም ነበር። የኛን አገር ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል... የገበያተኛው ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም።

ነገሩን ያመጣው የሚኒባስ ሹፌሩ ወንድምአገኝ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ብቻህን ከምታጉረመርም ቴሌግራም ላይ ክርክር ቤት አለ፣ ግባ። በድምፅ ነው። መናገር ትለምዳለህ» አለኝና ሊንኩን ላከልኝ።

መናገር ትለምዳለህ! ስምንተኛን ያልጨረሰ አፍ የለውም መሰለው።

ገባሁ።

እዚያ ቤት የራሳቸው አነጋገር አላቸው። አዲስ ገቢ «ጥሬ» ነው። የቆየው «ብስል»። የተረታው «ተቆላ» ይባላል።

«መኳንንት» የሚለው ስሜ ብቅ ሲል ተንጫጩ።

«ጥሬ መጣ! ምጣድ ጣዱ!»

«ከየት ነህ፣ ጥሬው?»

«ከመንዝ።»

«እንግዲያው ገብስ ነዋ! ጥሩ ቆሎ ይወጣዋል!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ዳኛዋ እስከዳር የምትባል ነች። ድምፅዋ ይበርዳል። «ጥሬ ያለ ዋስ አይናገርም» አለች። «ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ካለ፣ ዋሱ በቦታው ይገባል። ሕጋችን ይኸው ነው። ዋስ ጥራ።»

ዋስ ጥራ...

ይቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የዛሬ አራት ዓመት ገበያ ላይ ተጣልቼ ታሰርኩ። ፖሊሱ «ዋስ ጥራ» አለኝ። ታላቅ ወንድሜን ባስልዮስን አስጠራሁ። መጣ። በመስኮት አየኝ። እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ሳለ... እህ... እህ። «ለእሱ ዋስ አልሆንም፤ ይማርበት» ብሎ ሄደ።

ያ አልበቃውም። ሚስቴ ጥላን ስትሄድ ልጄን አርሴማን ሊወስዳት መጣ። «አንተ ጋ ሆና ምን ልትማር ነው? ስጠኝ፣ እኔ ላሳድጋት» አለኝ። ልጅቷ እየሰማች!

አልሰጠሁም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ባስልዮስ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። አስከሬኑ የተጠቀለለበትን ሰሌን ግን በእጄ አልነካሁም። ሌሎች ሲያወርዱት እጄን ኪሴ ከትቼ አየሁ።

እና ማንን ልጥራ? ወንድምአገኝ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። እልህ ያዘኝ። በሕይወቱ እምቢ ያለኝ እስቲ አሁን ይምጣ ብዬ...

«ዋሴ ባስልዮስ ነው» አልኩ።

ዳኛዋ ወዲያው መለሰች።

«ገብቷል።»

ስልኬን አየሁ። ከስሜ ሥር ሌላ ስም ተጨምሯል። ባስልዮስ። ፎቶ የለውም።

ስንት ባስልዮስ አለ፣ አልኩ በሆዴ።

የዕለቱ ክርክር «ወንድም ይሻላል ወይስ ጎረቤት?» የሚል ነበር። ለእኔ ጎረቤት ደረሰኝ። ደስ አለኝ። የእስሩን ነገር ላወጣው ነው... የመስኮቱን... አፌን ከፈትኩ።

እህ... እህ።

ከስልኩ ውስጥ ነው የመጣው።

የወንድሜ ሳል! ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«መኳንንት! አንድ!»

«ተቆላ! ገና ሳይጣድ ተቆላ!» ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

ልወጣ «ውጣ» የሚለውን ተጫንኩ። ስልኩ ጠየቀኝ... «ዋስህ ፈቅዷል?»

«መኳንንት! ሁለት!»

የገበያው ድምፅ ጠፋ። ያ ሁሉ ጫጫታ፣ ያ ሁሉ በግ... ጭጭ።

«ጋሼ ተወኝ» ልል ፈለግሁ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም።

«መኳንንት! ሦስት! ዋሱ በቦታው ይግባ።»

ሳቁ በአንዴ ቀጥ አለ። ስሜ አጠገብ ማይኩ በራ። እኔ አልነካሁትም። በሹክሹክታ...

«ይኸው ዋስ ሆንኩህ። በል፣ ልጅቷ ጋ ልሂድ።»

ሮጥኩ። ጉሙ ውስጥ ሰው ገፋሁ፣ ሰው ረገጥኩ። «ምን ነካህ?» ያለኝ አንድም የለም።

ቤቴ ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። አርሴማ ከውስጥ ታወራለች።

«አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ብርድ ነው፣ ልጄ። እህ... እህ።»

የሆነ ነገር ነገራት። ሳቀች። ከልቧ ሳቀች።

ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

በሩን ደበደብኩ። አይሰማም። ጮህኩ። አይወጣም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ከደጄ ላይ ሆኜ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አልራበኝም። የስልኬ ባትሪ አሥራ አንድ ፐርሰንት ላይ ቆሟል፤ አይወርድም።

ለወንድምአገኝ ጻፍኩለት። «ድረስልኝ፣ ቤቴ ውስጥ ያለው እኔ አይደለሁም» አልኩት።

መለሰልኝ። «ምን ትቀልዳለህ? አሁን አብረን ሻይ ጠጥተን ተለያየን እኮ! ደግሞ አንደበትህ ተፈታ፣ ደስ ብሎኛል።» ከዚህ በር ግን ማንም ሲወጣ አላየሁም።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተከፈተ። አርሴማ ወጣች።

አየችኝ! ቀጥ ብላ እኔን አየች። እጄን ዘረጋሁላት...

«አባዬ!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች።

«ወይ፣ ልጄ?»

«ደጃችን ላይ የተጠቀለለ ሰሌን አለ። ማን አምጥቶ ጣለው?»

እህ... እህ።

«አትንኪው። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ።»