ቅጹ ላይ ያልተጻፈው

«ቤት ውስጥ የእርስዎን የመመገቢያ ዕቃ ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው አለ?» ጸሐይወርቅ ከቅጹ ላይ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«የለም» አለ የሩሐማ አባት ደሳለኝ። «ሁሉንም በጋራ ነው የምንጠቀመው።»

አጠገቡ የቆመችው ሩሐማ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

አባቷ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ከሦስት ወር በፊት ደም ሊለግስ ሄዶ ነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለበት የተነገረው። በማግስቱ ሩሐማ የኩባያውን እጀታ በቀይ ክር አስራ ለብቻው አስቀመጠችው። አባቷ አየው፤ በዚያው ጠጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጓደኛዋ ሊድያ ልታጠና መጥታ ያንን ኩባያ ስታነሳ፣ «ኧረ ተይው! የእሱ ነው፣ ይይዝሻል!» ብላ ሩሐማ ጮኸችባት። ዞር ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። «ሱቅ የረሳሁት ነገር አለ» ብሎ ተመልሶ ወጣ።

ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ የመጡት አባቷ ለጥናት ደም ሊሰጥ ነው። ጸሐይወርቅ ጥናቱን የምትሠራ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት።

«ቫይረሱ ሲባዛ የራሱን ግልባጭ ይሠራል፤ ሲሠራ ደግሞ ይሳሳታል» አለች ደሙን ቀድታ ስትጨርስ። «ስለዚህ እርስዎ ላይ ያለውና ሌላ ሰው ላይ ያለው ላይመሳሰሉ ይችላሉ። አንዳንዱ ለውጥ ከምርመራም ሊያመልጥ ይችላል። የምናጠናው እሱን ነው።»

ሩሐማ ይህንኑ ስልኳ ላይ አንብባ ነበር የፈራችው።

«ከተለወጠ… በኩባያስ አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም። ዝርያው ቢለወጥም መተላለፊያው ያው ነው፤ በደም፣ በወሊድ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት። አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይደለም። አንቺም ተመርመሪ፤ ነጻ ከሆንሽና ካልተከተብሽ ክትባት አለ።»

አባቷ እጅጌውን ወደ ታች መለሰ። «በቃ፣ እንሂድ ሩሒ።»

ሩሐማ አልተንቀሳቀሰችም።

«እህቴ፣ ቅጹ ላይ ያለው ልክ አይደለም» አለች። «ዕቃ የሚለይ ሰው አለ። እኔ ነኝ።»

ጸሐይወርቅ ብዕሯን እንደያዘች ደሳለኝን አየችው።

«ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ባይጻፍ?»

«ይጻፍ፣ አባዬ» አለች ሩሐማ። «ሊድያ ፊትም ያልኩትን ሰምተሃል። ለእሷም እንደተሳሳትኩ ራሴ እነግራታለሁ።»

ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ለምርመራው እጅጌዋን ሰበሰበች።