ሦስተኛው ካርድ

ጋሼ ሚዛን የተገኙት ከብረቱ ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባቸው ተዘርረው ነው። ቀኝ እጃቸው ትንሿን የእጅ ባትሪያቸውን እንደበራች ጨብጧል። ከደረት ኪሳቸው አንድ ያልተጻፈበት ካርድና ጫፉ የተነከሰ እርሳስ ወጣ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው የሚያርሙት ደብተር ሲያጡ ፊልም ማረም ጀመሩ። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚያ ነው፤ አንዱን ፊልም ከሌላው ሲመዝኑ ቅንጣት አታመልጣቸውም።

የሞቱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በአሮጌው ሲኒማ ቤት ፎቅ ላይ የተመልካቾች ማኅበር የዓመቱን የመጨረሻ ፊልም እያየ ሳለ ነው። ማኅበር ስላልኩ አዳራሽ የሞላ ሰው አታስቡ፤ አራት ሰዎች ናቸው። ግን የትልቁ ሽልማት አዘጋጆች ከተመልካች በኩል ለዕጩነት የሚቀርቡትን ፊልሞች ዝርዝር በየዓመቱ የሚቀበሉት ከእነዚሁ አራት ጭቅጭቀኞች ነው። ለአንድ ፊልም ሲሉ ወር ሙሉ ይኳረፋሉ።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት የወንጀል መርማሪ ቢሮዋ ስትደርስ አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆማ አገኘች። ዓይኗ አብጧል፤ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች።

«አባቴን ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«አባትሽ ማን ነው?»

«የሲኒማ ቤቱ ኦፕሬተር። ማሽኑን የሚያጫውተው። ጋሼ ሚዛንን ያገኛቸው እሱ ነው። ቀና ሊያደርጋቸው ሲሞክር እጁ ደም በደም ሆነ፤ እሱን ነው ማስረጃ የሚሉት።»

«ሲወድቁ የት ነበር?»

«‹ጓሮ፣ ጀነሬተሩ አጠገብ ነበርኩ› ይላል። ፊልም እየሄደ ማሽንህን ትተህ ለምን ወጣህ ሲሉት ጭጭ። ለኔም አልነግር አለ።»

«ከሟቹ ጋር ጠብ ነበራቸው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ትናንት ያዩት ፊልም የኔ ነው። ሰባት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ጋሼ ሚዛን ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ‹ለዕጩነት አይበቃም፣ መጨረሻው አልጣመኝም› አሉ። አባቴ ያን ቀን ጮኸባቸው፤ ሁሉም ሰምቷል።» የሹራቧን ጫፍ ጨበጠች። «እናቴን ከቀበርን ሁለት ዓመታችን ነው። ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም። እባክዎ።»

መርማሪዋ ፊልም አትወድም። ሲኒማ ቤት የገባችው በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ እንቅልፍ ጥሏታል። በሚለምናት ሰው ላይ መጨከን ግን አትችልም። ኮቷን ሳታወልቅ ተመልሳ ወጣች።

አዳራሹ ሃያ ወንበር ይይዛል። ከኋለኛው ረድፍ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጠባብ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው የብረት ደረጃ። የኮሪደሩ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል። መርማሪዋ መጋረጃውን ዘግታ በእግሯ ብትሞክረው ግንባሯ ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። እየተራገመች ተመለሰች።

ሦስቱን የማኅበሩን አባላት በየተራ፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ ባለችው የሻይ ክፍል አነጋገረቻቸው።

ልብስ ሰፊው ቀደመ። በፊልም ውስጥ የሚታየው ልብስ ብቻ ነው እያሉ የሚቀልዱበት ሰው ነው።

«የባለታሪኳ ቀሚስ ስፌቱ ከዘመኑ ጋር አይሄድም» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ቢሆንም መርጬዋለሁ። እንዲህ ያለ ፊልም በዕድሜዬ አላየሁም።»

«የመውደቅ ድምፅ ሰምተዋል?»

«መጨረሻው ላይ ዷ የሚል ነገር ሰማሁ። ፋርማሲስቷ ያንን የድንጋይ ጆንያ የሚያክል ቦርሳዋን የጣለች መሰለኝ። ተናደድኩባት። እኔ ሆዴ እንኳ እንዳይጮህብኝ ተሳቅቄ ነው የተቀመጥኩት።»

«መብራቱን ማን አበራው?»

«እኔ። ኦፕሬተሩን ብንጠብቀው ቀረ። እስካበራው ድረስ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከኋላ ክብሪት እንኳ አልተጫረም፤ ቢጫር አየው ነበር።»

ፋርማሲስቷ ቀጠለች። መሐረቧን ከእጇ አልለየችም።

«ዷ ሲል ልብስ ሰፊው እንቅልፍ ወስዶት የወደቀ መሰለኝ። ዞሬም አላየሁ፤ እያለቀስኩ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ካርዳችንን ሞላን። ሕጋችን ነው። የመጨረሻው ስም ከፊልሙ ሸራ ላይ ሲጠፋ፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል፣ መረጥኩ ወይም አልመረጥኩ ብሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል። መጨቃጨቅ የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ፊልም ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ሦስት ካርድ ያስፈልገዋል። እስከ መጨረሻው ያላየ ሰው ደግሞ ካርዱ ይቀደዳል። እኔ አንድ ጊዜ ልጄ አተኮሰው ተብዬ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ብወጣ ጋሼ ሚዛን ቀደዱብኝ። ያኔ አልቅሼ ነበር፤ አሁን ቢቀድዱልኝ ደስታዬ ነበር።»

«ዝርዝሩ መቼ ይላካል?»

«ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት። የልጅቷ ፊልም ልክ ሦስት ካርድ አግኝቷል፤ የእኔ፣ የልብስ ሰፊውና የዓምደኛው። የጋሼ ሚዛን ባዶ ነው።»

ዓምደኛው በስተመጨረሻ ገባ። ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ስለ ፊልም የጻፈ፣ ክራቫቱ የማይዛነፍ፣ አነጋገሩ የሚጥም ሰው ነው። ለመርማሪዋ ሻይ ልቅዳልሽ አለ። ሲቀዳ ጠቋሚ ጣቱን ከብርጭቆው አፍ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ሻዩ ጣቱን ሲነካው አቆመ። መርማሪዋ ብርጭቆውን ተቀበለች እንጂ አልጠጣችውም።

«የት ነበር የተቀመጡት?»

«ሁልጊዜም የኋላ ረድፍ፣ ከመጋረጃው አጠገብ።»

«ሁለቱ ጓደኞችዎ የመውደቅ ድምፅ ሰምተዋል። እርስዎስ?»

«ምን ሰምተው ነው?» ፈገግ አለ። «መጨረሻው ላይ እኮ እሹሩሩው አለ። ያ እሹሩሩ እየተዜመ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። ነፍስ ነው የሚያስወጣው። ለዕጩነት መቅረብ አለበት ያልኩትም ለእሱ ስል ነው። ሚዛን በዚህ ተከራክሮኛል፤ ነፍሱን ይማረውና ጆሮ አልነበረውም።»

መርማሪዋ አመስግና አሰናበተችው። ካርዶቹ የሚቀመጡበትን ቆርቆሮ ሣጥን አስመጥታ አየች። ከዚያ ልጅቷን አስጠርታ «ይህን ፊልምሽን አሳዪኝ፤ ትናንት እዚህ የታየውን ራሱን» አለቻት። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም ሳትተኛ ጨረሰች። ሲያልቅ ልጅቷን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ መልሱን ሰምታ ቆርቆሮውን ሣጥን ዘጋችው።

«ማታ ፖሊስ ጣቢያ ብትናገሪው ይሻልሽ እንደሆነ አላውቅም» አለቻት በመጨረሻ። «ዝርዝሩ ከተላከ በኋላ ማለቴ ነው። እዚህ በሰው ፊት ከተናገርሽ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ካርድ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

«አባቴ አንድ ሰዓት እንኳ አይጨመርበት» አለች ልጅቷ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኦፕሬተሩን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት መጡ። ሽማግሌው እጁ በካቴና ታስሮ፣ ልጁን ላለማየት ወለል ወለሉን እያየ ተቀመጠ።

መርማሪዋ ፊት ለፊት ቆመች። «የማውቀውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ጋሼ ሚዛን የወደቁት ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሁለት ሰዎች ሰምተዋል። ሲወጡ ባትሪ አብርተው ነበር፤ ያለ ብርሃን ያንን ኮሪደር ማለፍ አይቻልምና። እኔ ሁለት ጊዜ ግንባሬን ተመትቻለሁ። መብራቱ ሲበራ ሦስታችሁም በየወንበራችሁ ነበራችሁ፤ ስለዚህ ከእሳቸው ጋር የነበረው ሰው መብራቱ ከመበራቱ በፊት ያለ ባትሪ፣ ያለ ክብሪት፣ ግድግዳ ሳይነካ ተመልሷል። ጨለማና ብርሃን ለእሱ አንድ ነው ማለት ነው።»

መርማሪዋ ወደ ዓምደኛው ሄዳ አንድ ካርድ በእጁ ሰጠችው።

«ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

ዓምደኛው ካርዱን ወደ ፊቱ አስጠጋ፣ አራቀ። «አዎ» አለ። «የእኔው ነው።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ አየና አፉን በእጁ ያዘ። ካርዱ ላይ አንድም ፊደል አልነበረም። ከጋሼ ሚዛን ኪስ የወጣው ባዶው ካርድ ነው።

«የእርስዎ ይኸውና» አለች መርማሪዋ፣ ሌላ እያወጣች። «መስመሩ መስመር ላይ ወጥቷል፣ ግን ይነበባል። ‹መርጫለሁ። መጨረሻው ላይ ያለው እሹሩሩ ብቻውን ሽልማት ይገባዋል።›» ዘወር አለች። «ልጄ፣ እሹሩሩው የት አለ?»

ልጅቷ ተነሣች። ቆርቆሮው ሣጥን ፋርማሲስቷ ጭን ላይ ነበር፤ አንዴ አየችው።

«የለም» አለች። «አውጥቼዋለሁ። ከሁለት ወር በፊት ለጋሼ ሚዛንና ለዓምደኛው ያሳየኋቸው ቅጂ ላይ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ያመጣሁት አዲሱ ቅጂ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ምንም ድምፅ የላቸውም። ዝም ነው።»

«ለዚህ ነው ልብስ ሰፊው ሆዳቸው እንዳይጮህ የተሳቀቁት» አለች መርማሪዋ። «ለዚህ ነው የመውደቁ ድምፅ የተሰማው። ዓይን የደከመው ሰው ሥዕሉ ሊያመልጠው ይችላል፤ ሦስት ደቂቃ ዝምታ ግን ጆሮ ላለው ሰው አያመልጥም። እርስዎ ያን ጊዜ እዚህ አልነበሩም።»

ዓምደኛው ክራቫቱን በጣቶቹ ዳበሰ። ሲናገር ያ የሚጥመው ድምፁ የለም።

«ዓመት አልፎኛል። የሚታየኝ ጥላ ብቻ ነው። በጆሮዬ እያየሁ ነው የምጽፈው፤ ማንም አላወቀብኝም ነበር። ሚዛን ነቃ። ፊልሙ ሊጀምር ሲል ‹ዛሬ ራስህ ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። እስኪያልቅ መጠበቅ አቃተኝ። እጁን ይዤ አወጣሁት። ለመንኩት። አንድ ዓመት ብቻ፣ ይህቺን ብቻ ተውልኝ አልኩት። ‹ሕግ ሕግ ነው› አለ። ገፋሁት። ደረጃው እዚያ ጋ መሆኑን ዘንግቼው አይደለም። አሥራ አራት እርከን ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አውቄ ነው የገፋሁት።» ቆየና ጨመረ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን ጠራ።»

ፋርማሲስቷ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች።

የኦፕሬተሩ ካቴና ተፈታ። ሽማግሌው ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

«አወጣሽው?» አለ ልጁን።

«አዎ፣ አባዬ።»

«የእናትሽን ድምፅ?»

«ይህን ፊልም ባጫወትክ ቁጥር እሷ ማዜም ስትጀምር ማሽኑን ትተህ ትወጣለህ። እንዳትሰማት ጀነሬተሩ ሥር ትቆማለህ። ያላየሁ መስሎህ ነው? እንዳትወጣ ብዬ ነው ያወጣሁት። ልነግርህ አፈርኩ።»

«እኔም ልነግራቸው አፍሬ ነው» አለ አባት። «ሽማግሌ ጓሮ ቆሞ ሲያለቅስ ነበር ይባል?» የደረቀውን ደም በአውራ ጣቱ እያሸ ቆየ። «ብነግርሽ ኖሮ፣ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ እኔ በማሽኔ ላይ እሆን ነበር። ኮሪደሩ ከማሽኑ ክፍል በር ይጀምራል። ሲጨቃጨቁ እሰማቸው ነበር።»

ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻው ላይ ተደፋች።

ዓምደኛውን ሲወስዱት በሩ ላይ ቆመ። «ካርዴን አትቅደዱት» አለ ወደ አዳራሹ ዞሮ፤ ማንን እንደሚለምን ግን አላወቀም። «እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ፊልሙ ምን አደረገ?»

ልብስ ሰፊው ፋርማሲስቷን አየ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። «ማን ያውቅብናል?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ» አለች ልጅቷ። ቀና ብላ እጇን ዘረጋች፤ ካርዱን ከመርማሪዋ ተቀብላ ለፋርማሲስቷ ሰጠቻት። «በዚህ ካርድ ነው አባቴ የተፈታው። ሐሰት ነው ብዬ አባቴን ካስፈታሁበት፣ እውነት ነው ብዬ ልሸለምበት አልችልም።»

ፋርማሲስቷ ካርዱን ለሁለት ቀደደችው። ዝርዝሩ አራት ፊልሞች ብቻ ይዞ ሄደ። ሰባት ዓመት የተለፋበት ፊልም አልነበረበትም።

ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላ ኦፕሬተሩ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ። ሳይጠየቅ ፊልሙን አስጀመረና መጥቶ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። መርማሪዋም አልሄደችም። መጨረሻው ሲደርስ በሸራው ላይ አልጋው ባዶ ሆነ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋ። ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ቀረ። አልተነሣም። የመጨረሻው ስም እስኪጠፋ ድረስ የተሰማው የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነው።

መብራቱ ሲበራ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረ።

«እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ካርድ ይሰጠዋል አይደል?»

«ጋሼ፣ ዝርዝሩ እኮ ሄዷል» አለችው። «ሰዓቱ አልፏል።»

«ይለፍ» አለና እጁን ዘረጋ።

ካርድ ሰጠችው። እርሳስም ሰጠችው። ሽማግሌው ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል፣ መጻፍ ጀመረ።