ደም የነካት ሮዝ ዛፍ

ኦርቪል ክሩገር በአሜሪካዋ ማኒቶዎክ ከተማ፣ በገዛ ሳሎኑ፣ ከሮዝ ቀለም ተገጣጣሚ የአሉሚኒየም የገና ዛፉ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ደሙ ምንጣፉን አልፎ ወለሉ ላይ ረግቷል። ዛፏ ላይ የኤሌክትሪክ አምፖሎች ተጠምጥመዋል፤ የገመዱ ጫፍ በሟቹ እጅ ነው።

«ኤሌክትሪክ ይዞት፣ ሲወድቅ የምድጃው ጠርዝ መታው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

መርማሪ በርናዴት ኩግለር አንዱን ቅርንጫፍ ከእንጨት ግንዱ ነቀለች። የተሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ደም ነበር። ከዚያ የምድጃውን አመድ ጫረችና የተጣመመ ሽቦ አወጣች።

መጀመሪያ የሟቹን ልጅ ዱዌንን አስጠራች። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል።

«ከአባትህ ጋር ተደባድበሃል?»

«ትናንት! ጥርሴን አረገፈው፤ እኔም አልማርኩትም። ግን አልገደልኩትም!»

«አምፖሎቹን እሱ ሰቀላቸው?»

«አባቴ? እዚህ ዛፍ ላይ? ልጅ ሆኜ ልሰቅል ስል በጥፊ አጩሎኛል! ብረት ነው፣ ኤሌክትሪክ ይጨርስሃል ብሎ። እሷን የሚያበራት ከሩቅ በሚሽከረከረው ባለቀለም መብራት ነው።»

የሟቹ እህት ጆይስ እንባ አልነበራትም። «በየዓመቱ ዛፏን አብሬው እገጣጥም ነበር፤ ስድቡ ግን በዛብኝ፤ ዘንድሮ ቀረሁ» አለች።

ሦስተኛው ተጠያቂ የሟቹ ጎረቤት ኤልሮይ ዛስትሮ ነበር፤ እሱም እንደ ሟቹ የድሮ የአሉሚኒየም ዛፍ ሰብሳቢ ነው። የኤልሮይ ሟች ሚስት ማርሴላ በወጣትነቷ የከተማው የአሉሚኒየም ዛፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ የዚያችን ዛፍ ሮዝ ፎይል፣ ስሱን የአሉሚኒየም ልባጥ፣ በየቅርንጫፉ ሽቦ ላይ በእጇ የጠመጠመችው እሷ ናት። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በታመመች ጊዜ፣ ኦርቪል አባብሎ ዛፏን ወሰደባት።

«ዛፏን መጨረሻ መቼ አዩዋት?»

«አምና ለገና። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

ከሰዓት በኋላ በርናዴት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ኦርቪል እዚህ ዛፍ ላይ አምፖል አይሰቅልም። ስለዚህ የሰቀለው ገዳዩ ነው፤ አደጋ እንዲመስል። የተገደለው በዛፏ ግንድ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ደም የገባው ግንዱ ባዶ ስለነበረ ነው። ታዲያ ገዳዩ የግንዱን ደም ጠርጎ ዛፏን መልሶ ገጣጠማት፤ ረጅሙ ከታች፣ አጭሩ ከላይ፣ አንዱም ቦታውን ሳይስት። ዱዌን፣ ይህን ቅርንጫፍ መልሰህ ሰካው።»

ዱዌን ታገለ፤ የቱ ቀዳዳ እንደሆነ አልለየም።

«የሚችሉት ሁለት ናቸው» አለች ወደ ጆይስና ወደ ኤልሮይ ዞራ። «አንድ ቅርንጫፍ ግን ጎድሏል። ገዳዩ ሌባም ነው፤ ለመሸጥ ወስዶታል።»

«አልሰረቅሁም!» ኤልሮይ ከመቀመጫው ተፈናጠረ። «እሱ ነው ያቃጠለው! ዓይኔ እያየ...»

በርናዴት ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከምድጃው ያወጣሁት የቅርንጫፍ ሽቦ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ኤልሮይ ሽቦውን አንስቶ ያዘ። «እየነቃቀለ ሊቸበችባት ነበር። ተንበርክኬ ለመንኩት። 'የሚስትህ የእጅ ሥራ እሳት ይሙቅ' ብሎ አንዱን እሳት ውስጥ ወረወረው። ግንዱን አነሳሁ። ከወደቀም በኋላ ደገምኩት... ሰለስኩት።»

«ወዲያው ሮጠው ቢወጡ ማንም አያገኝዎትም ነበር። ለምን ቆይተው ገጣጠሟት?»

ሽማግሌው እንደ ሞኝ ቆጥሮ አያት።

«ማርሴላ የሠራችውን መሬት ላይ በትኜ ልሂድ እንዴ?»