ከአንገት በታች

ቤታቸው አንድ ክፍል ነበር። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል አልጋ፣ በመሀል እናትና ልጅ እየተጋፉ የሚተላለፉባት ጠባብ ቦታ። እናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከቁመቷ ማጠር የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ «ሚጢጢ» ይላታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ልጅቷ ግን አትስቅም። ቁመቷን ከእናቷ ወርሳለችና፣ እናት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ስትጠብቃት «ሁለቱ ሚጢጢዎች!» ተብሎ ሲሳቅባቸው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ሰው በወለደችው እናት ያፍራል? ያፍራል እንጂ! ያፈረበትን ቀን ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

የኢንተርኔት ልብስ ሱቃቸውም የተወለደው ከዚሁ እፍረት ነው። ልጅቷ በልኳ የተሰፋ ቀሚስ ገዝታ አታውቅም። ወገቡ ዳሌዋ ላይ ይወርዳል፣ እጅጌው ጣቶቿን ይውጣል፤ ሻጮቹም «የልጆች በዚያ በኩል ነው» ይሏታል።

«እማ፣ እንደኛ አጫጭር ሴቶች ስንት አሉ መሰለሽ! አንቺ ስፊ፣ እኔ በኢንተርኔት እሸጣለሁ» አለች አንድ ቀን። ለብሶ ፎቶ የሚነሣ ሰው ለመቅጠር አቅም አልነበራቸውምና የመጀመሪያውን ቀሚስ እናት ለበሰችው። ልክክ አለባት!

«ፊቴም ይወጣል?» አለች ጸጉሯን እየዳበሰች።

«ከአንገትሽ በታች ነው የማነሣው። ደንበኞች ወጣት ነው ማየት የሚፈልጉት።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች እናት። ሆኖም ፎቶ በሚነሡ ቀን ሁሉ ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ለማይቀርጻት ስልክ ፈገግ ትል ነበር። ምስኪን! ለማን ነበር የምትስቀው?

ሱቁ ሰመረ። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ተደራረበ። እናት ግን በውስጧ አንድ ሕመም ይዛ ነበር። ምግብ አልወርድ አላት፤ ሐኪም ቤት ብተኛ የልጄ ሥራ ይቆማል ብላ አፏን ዘጋች። ልጅቷ ደግሞ ቀሚሱ ሲሰፋባት አየች እንጂ እናቷ ስትከሳ አላየችም። «ኧረ እማ፣ ልብሱን አበላሸሽው እኮ!» እያለች ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ትሰበስበዋለች። ውሎ ሲያድር መርፌ ቁልፉ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ተሰለፈ። ከፊት ሲያዩት ግን ያማረ ቀሚስ ነው...

አንድ ቀን የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነች ደንበኛ ልብሷን ልትወስድ ቤታቸው መጣች።

«ቀሚሱን የምታሳዩባት ልጅ ቁመናዋ እንዴት ያምራል! ማን ናት?»

«የቀጠርናት ልጅ ናት» አለች ልጅቷ።

«እኚህስ? እናትሽ ናቸው?»

ልጅቷ ዞር ብላ አየች። የተበላ ሹራብ፣ የገረጣ ፊት፣ ያቺው የትምህርት ቤት በር ላይ ሴት... ፊቷ ጋለ።

«አይ... የምትሰፋልን ሴትዮ ናት።»

ምነው ምላሷ በተሳሰረ! እናት ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልዘገየችም። ጎንበስ ብላ፣ «አዎ፣ የእሳቸው ሰፊ ነኝ። ይቀመጡ» አለች። የገዛ ልጇን «እሳቸው» አለች! እንግዳዋ ስትሄድ ልጅቷ «እማ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ተይው የኔ ልጅ፣ ሥራ ነው» አለቻትና ወደ መኪናዋ ዞረች።

ልጅቷ ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለች። ነገም ነገ አለች። ከዚያ አንድ ቀን እናት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ ስትነሣ እግሯ ከዳትና ወደቀች። ሐኪም ቤት ነርሷ ልብሱን ልታወልቅ ስትገለብጣት እጇ ቆመ። መርፌ ቁልፎቹን እየነቀለች አንድ በአንድ የብረት ሳህን ላይ ጣለቻቸው።

«ይሄን ሁሉ ማን ነው የሰካባቸው? አንቺስ ምናቸው ነሽ?»

«ልጇ ነኝ! ልጇ ነኝ! እማ፣ ልጅሽ ነኝ እኮ!» እያለች ጮኸች። እናት ግን ያን ቃል የምትሰማበት ጊዜ አልፎ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ አረፈች።

በቀብሩ ዋዜማ አክስቷ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ የሚቆም ፎቶ ጠየቀቻት። እናት ሌላ ፎቶ አልነበራትምና ልጅቷ ስልኳን ከፈተች። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ... በየቀሚሱ እናቷ ነበረች፤ አንዱም ላይ አልነበረችም። አክስቷ ስልኩን ተቀብላ ፈለገች፣ ፈለገች፤ ከዚያም ቀና ብላ፣ «እህቴ ፊት አልነበራትም እንዴ?» አለቻት። ዕድል ጨካኝ ናት እንላለን፤ ግን ስንቱን ነገር በገዛ እጃችን ቆርጠን ጥለን ነው ዕድልን የምንከሳት?

ከቀብር መልስ በሱቁ ገጽ ላይ የነጩን ቀሚስ ፎቶ አወጣችና ከሥሩ፣ «ይህችን ሴት የቀጠርናት ልጅ ናት ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። እናቴ ናት። ዛሬ ቀበርኳት» ብላ ጻፈች። ደንበኞቿ እያለቀሱ መለሱላት። ሁሉም ነፍስ ይማር እያሉ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር።

«እባክሽ፣ ፊቷን አሳዪን።»