አርባ መልስ በዐሥር ደቂቃ

ሽማግሌው የድርሰት መምህር ቢሯቸው ውስጥ በደረታቸው ተደፍተው የተገኙት ረቡዕ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የብረት ቁም ሣጥኑ ጠርዝ ደም ነክቶታል። ያገኛቸው፣ የዕቃ መኪና እየነዳ በትርፍ ሰዓቱ የሚማር፣ ሁሉም «ሾፌሩ» የሚለው ጎልማሳ ተማሪ ነበር። ድርሰቱን ራሱ በሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ በቻትቦት፣ አስጽፏል ተብሎ ከኮሌጁ ሊባረር ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ ጣት የሚቀሰርበት ሰው ለመፈለግ ማንም አልተቸገረም።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ግን መቸኮል አይሆንላትም። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ባይሏትም ታውቃለች። ሐሙስ ጠዋት ከሟቹ ወንበር አጠገብ ቆማ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንድ በአንድ አየች፦ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ ትልቅ አጉሊ መነጽር፣ ወፍራም እርሳስ፣ በእጅ የተጻፈ አንድ ድርሰት። ኮምፒዩተሩን ስትከፍተው ፊደሎቹ ለእሷ እንኳ ዓይን የሚያስጠብቡ ጥቃቅን ሆኑባት።

ሾፌሩን አስጠራችው።

«ትናንት ስንት ጊዜ መጣህ?»

«ሁለቴ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንን በእጄ የጻፍኩትን ድርሰት ይዤ መጣሁ። ጋሼ ወረቀቱን አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠጉትና ‹እስቲ አንተው አንብብልኝ› አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሆድ ብሶኝ ስለነበር ‹ቻትቦት ነው የጻፈለት ብለው አስተያየትዎ ላይ ያሰፈሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?› አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ክው አሉ። ‹እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም› አሉ። ‹ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለስ፤ ክሱን የሚያነሣ ደብዳቤ ታገኛለህ› ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። ስመለስማ...» ወደ ቁም ሣጥኑ አየ። «ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው እሳቸውን የምነካው፣ እህቴ!»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሽማግሌውን በጡረታ ለማስወጣት ዓመቱን ሙሉ ሲሟገት የከረመ ሰው ነው። አሁን ላብ አጥምቆታል።

«ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ እኔም፣ እዚሁ የምታስተምረው ልጃቸውም፣ መምህራኑ በሙሉ ስብሰባ ላይ ነበርን» አለ። «እሳቸው ደግሞ ከዐሥር ከሃያ እስከ ዐሥር ተኩል ለአርባ ተማሪዎች በኮምፒዩተር አስተያየት ልከዋል። እስከዚያ ደህና ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሾፌሩ ብቻ ነው።»

«ልጃቸው ስብሰባው ላይ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን ታደርጋለች? እንደ ሁላችንም ስልኳን ትነካካ ነበር።»

ልጃቸው እዚያው ኮሌጅ ረዳት መምህርት ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበችላት።

«አባትሽን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ምሳ ሰዓት ላይ።»

«ዓይናቸው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር» አለች፣ ቶሎ ብላ።

ኢንስፔክተሯ አርባዎቹን አስተያየቶች ከተማሪዎቹ ጽሑፍ ጋር ቁጭ ብላ አነበበች። ከመሃል አንዱ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበችው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«አንዲት ተማሪ ድርሰት አልላከችም» ብላ ጀመረች። «የላከችው ‹እናቴ ሰኞ ስላረፈች መጻፍ አልቻልኩም› የሚል ደብዳቤ ነው። የተሰጣት መልስ ይኸውና፦ ‹አጀማመርሽ ይስባል። ሐሳብሽን በማስረጃ ብታጠናክሪው ግን የተሻለ ይሆናል።›»

ኃላፊው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

«ይህን የጻፈው ሰው አይደለም፤ ቻትቦት ነው። መምህሩ ይህን ኮምፒዩተር የሚያነብ ዓይን አልነበራቸውም። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ በስማቸው ማን ሲመልስ ከረመ? የይለፍ ቃላቸውን የሚያውቅ፣ ከሥራቸው እንዲወጡ የማይፈልግ ሰው። ሾፌሩ የይለፍ ቃሉን ከየት ያመጣል? ኃላፊውም ምስጢሩን ቢያውቅ ኖሮ ያኔውኑ ባስወጣቸው ነበር። የሾፌሩን ድርሰት ‹የቻትቦት ሥራ ነው› ያለውም ራሱ ቻትቦቱ ነው፤ የሚልከው ሰው አምኖት አለፈ።»

ልጅቷ ወደ ግድግዳው አፈገፈገች።

«መዝገቡን አየሁት። ከረቡዕ በፊት የነበሩት በሙሉ የተላኩት እሑድ እሑድ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት አንድም የለባቸውም። የሚልከው ሰው እያነበበ ያርም ነበር። ረቡዕ ግን አርባውም በዐሥር ደቂቃ ሳይነበቡ ሄዱ። ምን አስቸኮለው? መምህሩ በዚያ ሰዓት ደህና እንዲመስሉ ፈልጎ ነው። ይህን የሚፈልግ ደግሞ መውደቃቸውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «የላክሽው ከስብሰባው፣ በስልክሽ ነው፣ እህቴ።»

ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ስብሰባው ሊጀመር ሲል ጠራኝ» አለች። «‹በስሜ ሰው በድለሻል፤ ነይ አብረን ሄደን እንናገር› አለኝ። ‹አባዬ፣ ያስወጡሃል፤ ያለ ተማሪዎችህ አንድ ወር አትቆይም› አልኩት። ‹ያስወጡኝ› ብሎ ተነሣ። ክንዱን ያዝኩት። ሲመነጭቀኝ... ቁም ሣጥኑን አላየውም። አላየውም እኮ! ደጋግሜ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ሞተ ብዬ...»

«ሮጥሽ።»

«ሮጥኩ።» ቀና አለች። «ወዲያው ነው አይደል ያረፈው? አልተሰቃየም አይደል?»

የሐኪሙ ወረቀት ኢንስፔክተሯ ኪስ ውስጥ ነበር። በሥራ ዘመኗ መዋሸት እንዲህ አምሯት አያውቅም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ይነበባል፤ ከማታውቀው ሰው አፍ ከምትሰማው አሁን መስማቷ ይሻላል።

«ከወደቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተዋል» አለች ቀስ ብላ። «ቶሎ ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር ይላል ሐኪሙ።»

ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሰዓቱን ቆጠረች።

«ዐሥር ከሃያ ላይ... እኔ በሕይወት ያለ ላስመስለው ስልኬን ስነካካ...»

«በሕይወት ነበሩ።»

ኃላፊው ክሱ መሰረዙን ለሾፌሩ ሊነግረው አፉን ከፈተና ተወው። ሾፌሩም አልጠበቀውም። ሄዶ ወለሉ ላይ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠና አብሯት አለቀሰ።