ከሬጃይና የመጡ ከረጢቶች

አስትሪድ የመኪናውን የኋላ በር የከፈተችው ታጣፊ ወንበሮቹን ለማውረድ ነበር። ወንበሮቹ ላይ ግን አራት ትልልቅ የወረቀት ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ ሬጃይና ከተማ ያለው የግዙፉ ሱቅ ምልክት አለ። ሩዝ፣ ፓስታ፣ የልብስ ሳሙና። እዚሁ እትዬ ዶሪስ ሱቅ የማይጠፋ ነገር ሁሉ።

«ዝጊው» አለች እናቷ ካርላ ከመሪው ኋላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ካርላ የምትሠራው ሬጃይና ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ትናንት የራሷን የቀን ተራ ጨርሳ የባልደረባዋን ሌሊት ደርባ ሠርታለች፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ነድታ መምጣቷ ነው። የዛሬው የኤልስቤክ ቀን በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሷው ናት። አራት መቶ ሰው በሚኖርባት ኤልስቤክ፣ ለሁሉም ነገር የሚሯሯጡት እነዚያው አሥር ሰዎች ናቸው። አስትሪድ የአንዷ ልጅ ስለሆነች ብቻ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ድንች ስትልጥ ያለፉባት ቅዳሜዎች ብዛት ጠፍቶባታል።

የዘንድሮው መፈክር «ከጎረቤት እንግዛ» ነበር። በየምሰሶው የተለጠፈውን የሳለችው አስትሪድ ራሷ ናት።

«እማ፣ ሼም ነው እኮ።»

«ጠዋት ስወጣ ዶሪስ አልከፈተችም። ማታ ስመለስ ዘግታለች። መቼ ልግዛ?» ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ እንቅልፍ ብቻ። የታጠፈ ወረቀት በመስኮቱ አወጣችላት። «የዛሬውን ንግግር አንቺ አንብቢልኝ። መቆም አልችልም።»

አስትሪድ ወረቀቱን እንደተቀበለች እትዬ ዶሪስ ወንበር በማውረድ ልታግዝ መጣች። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ሽርጧን አልፈታችም። አስትሪድ አጠገቧ ያገኘችውን ብርድ ልብስ ከረጢቶቹ ላይ ጣል አደረገች። ዶሪስ ብርድ ልብሱን ትንሽ አየችው። ከዚያ ሁለት ወንበር መዝዛ በብብቷ ያዘች።

«በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው» አለች። «እናትሽ ትተኛ።»

ንግግሩ የተደረገው ከእህል መኪና ላይ ነው። ስልሳ ሰው ያህል ተሰብስቧል። አስትሪድ ጎርፉ የመጣበትን ዓመት ስታነብ፣ ከተማው በሙሉ አሸዋ በጆንያ እየሞላ ሲደረድር የዋለበትን ቀን፣ ሰዎቹ በአዎንታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሷም ታስታውሰዋለች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የጆንያ አፍ ይዛለች። ያ እውነት ነው።

ቀጣዩ መስመር «እኛ ቤት የሚበላው ሁሉ የሚገዛው ከዚሁ ነው» ይላል።

ማንበቧን አቆመች። ዶሪስ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

«እኛ ቤት ወተትና ዳቦው ነው ከዚህ የሚገዛው» አለች አስትሪድ። «ሌላው ከሬጃይና ነው። እናቴ ስትመለስ ሱቁ ተዘግቶ ይጠብቃታል።»

ማንም አልሳቀም። አንዳንዱ ጫማውን ያያል፤ ከረጢት ያለው እነሱ መኪና ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ ገባት።

«ስንት ሰዓት ነው የምትመለሰው?» አለች ዶሪስ።

«ማታ አንድ ሰዓት ተኩል።»

ዶሪስ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ሁለት ሰዓት መክፈት እንደማይከፋት፣ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እግሯ እንደማይሸከማት፣ በእሷ ፋንታ ሱቁ ውስጥ የሚቆም ሰው ካገኘች እንደምትሞክረው ተናገረች። እጁን ያወጣ አልነበረም። ክፋት አይደለም፤ ሁሉም ደክሟቸዋል። አስትሪድም አላወጣችም። ከሳምንቱ ለራሷ የቀሯት ምሽቶች እነዚያው ሁለቱ ነበሩ።

ወደ መኪናው ስትመለስ እናቷ ነቅታለች።

«አነበብሽው?»

«አንዷን መስመር ዘልያታለሁ» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ቁጣ ጠበቀች። ካርላ ግን ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች።

«ዶሪስ ሰው አገኘች?»

«አላገኘችም።»

ካርላ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ የመኪናውን በር ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች። «እሺ፣ ማክሰኞን እንኳ ፈረቃ ለውጬ...»

አስትሪድ በሩን በእጇ ያዘች።

«አንቺ ተኚ፣ እማ» አለችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ዶሪስ ወደቆመችበት፣ ሳትቸኩል፣ መንገዱን ተሻገረች።