ያልተላጠው ቀይ ጊታር

የክንፈሚካኤል ጭንቅላት ሦስት ቦታ ተከፍቷል። በመጀመሪያው ምት አልሞተም፤ ሁለት ክንድ ያህል ድሆ የጥገና ሱቁን የሥራ ጠረጴዛ እግር ጨብጧል። የቀሩት ሁለት ምቶች ያገኙት እዚያ ነው። ደሙ በበሩ ስንጥቅ ከሚገባው የዝናብ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ደጅ መንገድ ጀምሯል።

ዋና ሳጅን አደይ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አደይ ቁመቷ ከፖሊስ ጣቢያው ባንኮኒ ብዙም አይበልጥም፤ ሰው ሁሉ ቁልቁል ያያታል፣ እሷ ሽቅብ ታየዋለች። ሽቅብ የሚያይ ሰው ደግሞ የአፍንጫ ውስጥ እንኳ አያመልጠውም።

«በምን ነው የተመታው?» አለችው ሐኪሙን።

«ከባድ ድፍን እንጨት፣ ጠርዙ የተሞረደ። መዶሻ አይደለም። መዶሻ ይበሳል፤ ይሄ ሰብሯል።»

ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ሩብ ጉዳይ። የሐምሌ ዝናብ የፍኖተ ሰላምን ቆርቆሮ ሲደበድብ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህም አትሰማውም። ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ አልሰማሁም ሲል ለአንድ ጊዜ እውነቱን ነበር።

አደይ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ሦስት የኤሌክትሪክ ጊታሮች አየች፦ ጥቁር፣ ቡኒና ቀይ። ቀዩ ገና ላስቲኩ አልተላጠም። ከክሮቹ ሥር ባለው ነጭ ሳህን ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ስስ ላስቲክ እንዳለ አለ።

ይህ ላስቲክ በከተማው የታወቀ ነው። ክንፈሚካኤል በጎልማሳነቱ ቡሬ ውስጥ በአንድ የምሽት ቤት ባንድ ጊታር ይመታ ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ማንም ያልፈለገውን ዝገት የበላው፣ ለዘፈን ድምፅ ማሚቶ የሚሰጥ ማሽን አንስቶ አልጋው ሥር አሥራ ሁለት ዓመት አስቀመጠው። ከዚያ አንድ የውጭ አገር ሰው መጥቶ በቤት ዋጋ ገዛው። ከዚያን ቀን ወዲህ ክንፈሚካኤል ጠጋኝ መሆኑ ቀርቶ ነቢይ ሆነ። ደብተራ ኮከብ ይቆጥራል፣ ክንፌ ጊታር ይቆጥራል ተባለ። ነገ ውድ የሚሆነው ቀለሙ አንድ ዓመት ብቻ ወጥቶ የቀረ፣ በቁጥር ትንሽ የተሠራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅ ያልነካው ነው ይል ነበር። ላስቲኩ ግማሽ ዋጋው ነው፤ የላጠው ሰው ግማሹን ገንዘብ ላጠው። ቃሉን አምነው ጊታር ገዝተው እሱው ጋ ያስቀመጡ ሰዎችም ነበሩ።

ሬሳውን ያገኘው ቴዎድሮስ ነው፤ የወጣት ማዕከሉ ጊታር መቺ። ፖሊስ ሲደርስ የሟቹን ራስ ታቅፎ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ ደም በደም። ለፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ስጦታ አለ። ደግሞ ባለፈው ወር ክንፈሚካኤልን በአደባባይ «እርስዎ ጊታር አይሰበስቡም፣ ይቀብራሉ» ብሎ ሰድቦታል።

ጣቢያ ውስጥ ልጁ ተናገረ።

«የጠሩኝ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ቀዩን ልላጠውና ትመታበታለህ አሉኝ። ተሳስቼ ኖሯል፣ ማንም ያልተጫወተበትን ጊታር ነገ ማንም አይፈልገውም አሉ። ስገባ ወድቀዋል።»

የጣቢያው ኮማንደር ሳቀ። «ልላጠው ካለ ላስቲኩ እላዩ ላይ ምን ይሠራል? ሬሳው ተነስቶ መልሶ ለጠፈው?»

አደይ ግን ይህችን ጥያቄ ወደደቻት። ኮማንደሩ ለቀልድ የወረወራትን እሷ ከምሯ ኪሷ ከተተቻት።

አርብ ቀብሩ ተፈጸመ። የሟቹ ታላቅ ወንድም አያ ላቀው ከገበዝ ማርያም ወርዶ፣ ክላሹን ከትከሻው ሳያወርድ አፈር አለበሰ። ከዚያም ሰው ሁሉ በሰማበት ተናገረ።

«ሣልስቱ ነገ ነው። እስከዚያ ሕጉ ደሜን ካልሰጠኝ ቡሬ እወርዳለሁ። ልጁ እስር ቤት ቢደበቅ አባቱ ቤቱ አለ።»

እንዳለው የሚባለው የቴዎድሮስ አባት ቡሬ ውስጥ አናጢ ነው። ወሬው ማታውኑ ደረሰው። በሩን ቀርቅሮ፣ መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ አሉ። አያ ላቀው ደግሞ የማለውን የሚበላ ሰው አይደለም። አደይ የቀራት አንድ ቀን ነው።

መጀመሪያ እሱኑ ጠየቀችው። ሐሙስ ቀን ገበዝ ማርያም ገበያ በግ ሲሸጥ ሃምሳ ሰው አይቶታል። እያወራት ለለቅሶ የተገዛውን አዲስ ቴርሞስ አነሳና ላስቲኩን በጩቤ ዘርጥጦ ጣለው።

«ላስቲክ የሚለብሰው ሬሳ ነው» አለ።

የሟቹ ሚስት አምለሰት ሐሙስ ጅጋ ገበያ ነበረች። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነው። ጥቁሩ ጊታር የራሳቸው፣ ቡኒው የአንድ ሽንዲ ያለ መምህር እንደሆነ ነገረቻት።

«ቀዩስ?»

«የቀዩን ባለቤት ለእኔም አልነገረኝ። የተከበረ ሰው ነው፣ ጊታር ገዛ ቢባል ከተማው ይስቅበታል አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ሰውየው በየሳምንቱ እየመጣ አይቶት ይሄዳል። አይነካውም፤ ያየዋል ብቻ። ሰሞኑን ክንፌ ዋጋህን ልመልስልህ ቢለው ሰውየው እንቢ አለ።»

ሦስተኛው ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩት ጋሼ ንብረት ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረው፣ ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አለቃ። አያ ላቀውን እስከ ቅዳሜ እንዲታገሥ ለምነው ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። አደይ ሶፋቸው ላይ ስትቀመጥ ላስቲኩ ጮኸባት። ሪሞቱ በላስቲክ፣ የጃንጥላው እጀታ በላስቲክ። ይሁን እንጂ የፍኖተ ሰላም ሶፋ ግማሹ ላስቲክ ለባሽ ነው፤ የአደይ እናት ሶፋማ ከሰው ይልቅ ላስቲኩን ነው የሚያከብረው።

ለቃል መቀበያው መታወቂያ ጠየቀቻቸው። ከደረት ኪሳቸው የጡረታ መታወቂያቸውን አወጡ። ላስቲኩ አንድ ጫፉ ላይ ተከፍቷል፤ ጋሼ ንብረት ሱሪያቸው የተፈታ ያህል አፈሩ።

«ሰሞኑን ነው የተላቀቀብኝ፤ አሠራዋለሁ» አሉ።

«ክንፈሚካኤል ጋ ጊታር ነበረዎት ጋሼ?»

«ጊታር የሥራ ፈት መጫወቻ ነው፣ ልጄ። ይልቅ ስሚኝ። ልጁ ይመን፣ አባቱ የደም ካሳ ይክፈል፣ እኔ አስታርቃለሁ። ነገር ሲረዝም ደም ይጠራል።»

መልካም ምክር ነበር። አደይን ያሳከካት መልካምነቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ብቅ አለች። አደይ ቀዩን ጊታር ከግድግዳው አውርዳ መስኮት ዳር አጋደለችው። ክብደቱ እጇን ወደ ታች ጎተተው፤ ድፍን እንጨት፣ ጠርዙ የተሞረደ። ውጪው ጥርት ብሎ ታጥቧል። ላስቲኩ ላይ ምንም የለም። ብርሃኑ በጎን ሲመታው ግን ከላስቲኩ ሥር፣ ከክሮቹ ሥር ካለው የድምፅ ማግኔት ጠርዝ የተነሱ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ታዩ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ። በጥፍሯ ጫረችው። አልተነካም። ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አላሰበችም። ቴዎድሮስን በካቴና ይዛ፣ ጊታሩን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ለቅሶ ድንኳኑ ሄደች።

የሣልስቱ ጸሎት አልቆ ካህናቱ ወጥተዋል። አያ ላቀው ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ጋሼ ንብረት ከጎኑ ተቀምጠው ክርኑን ይዘውታል። አምለሰት ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ነች። ቴዎድሮስ ሲገባ ድንኳኑ አጉረመረመ።

«አንድ ጊዜ ስሙኝና ከዚያ የፈለጋችሁትን» አለች አደይ። ነጠላውን ፈታችው። «ክንፈሚካኤል የተገደለው በዚህ ነው። ገዳዩ የጊታሩን አንገት ይዞ እንደ ፍልጥ እንጨት ነው የመታበት፣ ሦስት ጊዜ። ገዳዩ በጣራው ፍሳሽ አጥቦ ሰቀለው። አጥቦ ያልጨረሰው አንድ ቦታ አለ፤ ደሙ ከላስቲኩ በላይ አይደለም፣ በታች ነው።»

አያ ላቀው ግንባሩን ቋጠረ። «ታዲያ?»

«ታዲያማ አያ ላቀው፣ ምቱ ሲያርፍ ላስቲኩ ተልጦ ነበር። ሟቹ ልላጠው ብሎኛል ያለው ልጅ አልዋሸም። ክንፈሚካኤል ላጠው፣ ተመታ፣ ሞተ። ከዚያ ሰው በእግሩ ሥር እየደማ፣ ገዳዩ ተንበርክኮ ላስቲኩን መልሶ ለጠፈው። አረፋ እንዳይዝ በካርድ ጠርዝ እየገፋ አስተካከለው። ጠርዙ ውስጥ የቀረውን ደም የጎተተው ያ ካርድ ነው። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሬሳ አጠገብ ላስቲክ የሚለጥፍ ማነው? ቴዎድሮስ? እሱ የኖረው ይላጥ እያለ ነው። ሌባ ቢሆን ይዞት በሄደ። አያ ላቀው በቴርሞስ ላስቲክ እንኳ ይናደዳሉ። ለጣፊው ይህ ላስቲክ ሕይወቱ የሆነ ሰው ነው። የጊታሩ ባለቤት።»

«ማን?» አለ አያ ላቀው፤ እጁ ወደ ቃታው ወርዷል።

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች አደይ። የላስቲኩን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችና መላጥ ጀመረች።

ቀስ ብላ ነው የላጠችው። ሽርርር የሚለው ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። አንድ ስንዝር ሄደች። ሁሉም አፉን ከፍቶ ጣቶቿን ያያል። አደይ ግን ጣቶቿን አታይም፤ ሽቅብ ፊቶቹን ነው የምታየው። ጋሼ ንብረት የአያ ላቀውን ክርን ለቀቁ። ግንባራቸው ረጠበ። ጣቶቿ ወደ መሃል ሲደርሱ ተነሱ።

«ተይው» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን አንሺ። ምን እንደሆነ አታውቂም።»

ድንኳኑ ሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ያሉትን ራሳቸውም የሰሙት ዘግይተው ነው።

«መታወቂያዎን ጋሼ» አለች አደይ ለስለስ ብላ።

እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደው እዚያው አስቀሩት። ካርዱን ያወጣችው እሷ ነች። በተከፈተው ጫፍ፣ በሁለቱ ላስቲክ መሃል፣ ቡናማ ነጠብጣብ ሰርጎ ደርቋል። ላስቲክ ውስጥ የገባ ደም አይታጠብም።

«ሃያ ስምንት ዓመት ጠመኔ የዋጥኩበት ገንዘብ ነበር» አሉ ጋሼ ንብረት። ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፅ ነው፣ የማይቸኩል። «ዋጋህን ልመልስልህ አለኝ። የትናንቱን ዋጋ ማን ጠየቀው? እኔ የጠበቅሁት የነገውን ነው። ላየው ስገባ እንደ ሙዝ እየላጠው አገኘሁት። እየሳቀ።»

አያ ላቀው ተነሳ። ሁለት ቀን ክርኑን ይዞ ሲያጽናናው የነበረውን እጅ አየው፣ ከዚያ ክላሹን አቀባበለ። አደይ መሃል ገባች፤ አፈሙዙ ግንባሯ ላይ አረፈ።

«አያ ላቀው፣ ትናንት ቢሆን የሚገድሉት የቡሬውን አናጢ ነበር» አለችው። «ክላሽዎ ሰው አይመርጥም። እኔ መርጬ ሰጥቼዎታለሁ፤ ለዳኛ ይተዉልኝ።»

አያ ላቀው አልተኮሰም። ክላሹን ገልብጦ በእሷ አናት ላይ አሳልፎ በሰደፉ አንድ ጊዜ አሳረፈ። ጋሼ ንብረት ሁለት ጥርሳቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ከዚያ አያ ላቀው መሣሪያውን አምለሰት እግር ሥር ወርውሮ ወጣ።

በማግስቱ ቡሬ ታየ። አናጢው በሩን ሲከፍት፣ አያ ላቀው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ቆሟል። አናጢው መጥረቢያውን አስቀምጦ ድንጋዩን ራሱ አወረደለት። ቴዎድሮስ ከኋላቸው ቆሞ ነበር፤ ሸሚዙ ገና አልታጠበም።

ሰኞ አደይ ማስረጃዎቹን አሰናዳች። ሕጉ እንደሚለው ጊታሩን በትልቅ የላስቲክ ከረጢት ከተተችው። ጋሼ ንብረት አገጫቸው ታስሮ፣ በካቴና ወደ ፍርድ ቤት ሲያልፉ በበሩ በኩል አዩትና ቆሙ። ፖሊሱ ጎተታቸው፣ አልተንቀሳቀሱም።

«አፉን በደንብ አሽጊው» አሏት፣ በተሰበረው ጥርሳቸው መሃል። «አየር እንዳይገባው።»